አምስት ቮልት፣ ሚዛኑ ከተሰካም በኋላ

አጎቴ ጥገና ቤቱ የሚያቆየኝ ይሄን ከሠራሁ ብቻ ነው። አለዚያ ሰኞ የማልፈልገውን የጸሐፊነት ኮርስ ልገባ ነው።

ሥራው ለነርሷ አክስቴ የሕፃናት ሚዛን ልክ አምስት ቮልት መስጠት ነው። ካነሰ ሚዛኑ ይዋሻል። ቮልቱን የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ስንት እንደሚሰጥ የሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮች ስለሆኑ፣ ስህተታቸው ከመቶ አንድ የማይበልጡትን መርጬ በየድኩ። የቮልት መለኪያው ሜትር 5.00 አለ። አላመንኩትም፣ ስድስቴ ለካሁት።

«አንቺ ልጅ፣ ሜትሩም ይደክመዋል እኮ። ሚዛኑን ሰኪው» አለ አጎቴ።

ስሰካው 4.80 ሆነ።

«ሬዚስተሮቹ ናቸው ጋሼ።»

«እነሱ ምን በደሉሽ? የላይኛውን ሬዚስተር የት ነው የበየድሽው?»

አየሁት። ሬጉሌተሩ መውጫ እግር ሥር መሆን ሲገባው፣ ረጅሙ ሽቦ ጫፍ ላይ ሚዛኑ ጋ በይጄዋለሁ። ሚዛኑ ሲሠራ ሽቦው ላይ የሚባክነውን ትንሽ ቮልት ሬዚስተሮቹ አራት እጥፍ ያደርጉታል።

ነቅዬ እግሩ ሥር በየድኩት፣ ሽቦውንም አሳጠርኩት። ሚዛኑ እንደተሰካ 4.99።

አጎቴ ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ሰኞ አንቺ ነሽ የምትከፍቺው።»

እሺ አልኩና እንደገና ለካሁት።