ከመጸዳጃ በቀር የማያውቅ ላፕቶፕ

ታጣቂዎቹ መርሳ ከተማን ከያዙ ሁለተኛ ወራቸው ነው። መብራት የለም፣ ባንክ የለም፣ ስልክ የለም። ሀስና ግን ቁጭ ብላ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ትስላለች። ወልድያ ላሉ ኮንትራክተሮች የቤት ፕላን የምታወጣ ልጅ ናት፤ ይህን ገንዳ ያዘዟት ግን የመርሳው ነጋዴ ሐጂ አብዱልሐሊም ናቸው። የእንግዳ ማረፊያቸውን ጣሪያ መድፍ ቦድሶት እንኳ «አንቺ መታጠቢያ ቤቱን ጨርሺልኝ፤ ጣሪያው ይደረስበታል» ያሉ ሰው ናቸው። ላፕቶፑን የምትሞላውም በሳቸው ሶላር ነው።

የገንዳ ጣጣው ክቡ ነው። ቀጥ ያለ ግድግዳማ ማንም ይስለዋል። ሀስና ላፕቶፑ ላይ የገንዳውን ጎን በግማሽ ታሰምርና በመሃል ዘንጉ ዙሪያ ታሽከረክረዋለች፤ ጎድጓዳ ሳህን ይወጣል። በአንድ በኩል ስትጎትተው ይሞላላል። ክቡን በብዙ ቁራጭ ካልከፈለችው ጠርዙ እንደ ፍልጥ ድንጋይ ማዕዘን ያወጣል፤ አብዝታ ከከፈለችው ደግሞ ላፕቶፑ እንደ ሰነፍ አህያ ቀጥ ይላል፤ ማራገቢያውም ሲያጓራ ጎረቤት ከተማ ሲሪንቃ ድረስ ይሰማል።

አንድ ቀን ከሰዓት ሁለት ታጣቂዎች መጡና እሷንም፣ ሐጂንም፣ ላፕቶፑንም ለቅመው የቀበሌው አዳራሽ አስገቧቸው። አለቃቸው ከሷ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው።

«ፕላን የምታወጪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ከከተማው በላይ ላለው ኮረብታ ምሽግ ንደፊልን። እምቢ ካልሽ ላፕቶፑ እዚሁ ይቀራል።»

ላፕቶፑ እንጀራዋ ነው። ምሽጉ ግን የሚቆፈረው በሐብሩ ወረዳ ገበሬ ማሳ ላይ፣ አፈሙዙም የሚዞረው በገዛ ሰዎቿ ላይ ነው። ሀስና «እሺ» አለችና ከፈተችው። መስመር አሰመረች፣ አሽከረከረች፤ የመጸዳጃ መቀመጫ ፏ ብሎ ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?»

«መጸዳጃ።»

«ምሽግ ነው ያልኩሽ!»

«እኔም ምሽግ ነው ያልኩት። አልሰማ አለ እንጂ።»

እንደገና ሞከረች፤ የእጅ መታጠቢያ ሳህን ወጣ። ሦስተኛው ላይ ሞላላው ገንዳ ተንጋለለ። በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

«ትቀልጂብኛለሽ?»

«ወንድሜ፣ ፕሮግራሙ የመታጠቢያ ቤት ነው። ምን ላድርገው፣ ልግረፈው?»

አለቃው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሐጂ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። በአላህ ይማሉና እውነቱን ይንገሩኝ።»

ሀስና ወደ ሐጂ ዞረች። ሐጂ አንገታቸው ቢቆረጥ በሐሰት እንደማይምሉ ታውቃለች። እሳቸው ጺማቸውን ዳሰሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወላሂ ልጄ፣ ከዚህ ማሽን ከመታጠቢያ ቤት ዕቃ በቀር ሲወጣ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። ያዘዙት መታጠቢያ ቤት፣ ያዩትም መታጠቢያ ቤት፤ ሌላ ከየት ያምጡ?

ወሎ ውስጥ ሐጂ በአላህ ከማለ በኋላ ክርክር የለም። አለቃው ይህን ለማወቅ የሚበቃ ጊዜ መርሳ ቆይቷል። ላፕቶፑን በክርኑ ገፋላት። «መጸዳጃሽን ይዘሽ ጥፊ!»

በሩ ጋ ሲደርሱ «ቆይ!» አላት። ሐጂ በጣታቸው ሲቆጥሩት የነበረው መቁጠሪያ ቀጥ አለ።

«ያ የመጨረሻው... ሰው ይተኛበታል?»

«ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ እስከ አንገቱ።»

አለቃው ክንዱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ። «ለኔም አንድ ትስዪልኛለሽ?»

«እስልልሃለሁ፤ ቤትህ ስትገባ። እዚህ አገር ላይ ግን አንዲት መስመር አላሰምርልህም።»

ሐጂ ክንዷን ይዘው ጎተቷት። እሷ ግን ላፕቶፑን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ገበያ እንደምትወጣ ሰው ቀስ ብላ ወጣች።

አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ሐጂ «ልታስፈጂን ነው አንቺ ልጅ?» አሏት።

«ባትሪው የቀረው አስር ደቂቃ ነው ሐጂ፤ ይራመዱ እንጂ፣ የገንዳዎን ጠርዝ ልጨርሰው።»