ስልሳ ዓመት ያልታጠበ ማሰሮ

ሽማግሌው ጌንኪቺ ሱቁ ውስጥ ስላለው ማሰሮ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነበር፤ «ከራሴ ይልቅ እሱን አምናለሁ።» የአኩሪ አተር ስጎ የሞላበት ይህ ማሰሮ ስልሳ ዓመት ሙሉ ተገልብጦ አያውቅም። ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ አይታጠብም። ሰንቤው፣ ያ በከሰል የሚጠበሰው ደረቅ የሩዝ ቂጣ፣ በትኩሱ እዚያ ውስጥ ተነክሮ ሲወጣ ሽታው ሰውን ከባቡር ጣቢያ ድረስ ይጠራል። እንግዶች ወደዚያች የጃፓን ከተማ የሚመጡት መቅደሱን ለማየት ነው ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግማሾቹ የሚመጡት ለሆዳቸው ነው።

ምራቱ ቺዙ ግን ከማሰሮው ጋር አንድ ምስጢር ነበራት። ባለፈው ሳምንት፣ በመቅደሱ በዓል ቀን፣ ሱቁ በገበያተኛ ተጨናንቆ ሳለ ሽሪምፕ የሚባል ትንሽ የባሕር እንስሳ ያለበት ሰንቤ የሚነከርበት የትንሹ ሳህን ስጎ አለቀባት። አማቷ «ሽሪምፕ ማሰሮዬን እንዳይነካ» ብሎ አስጠንቅቋታል። እሷ ግን ጀርባውን እስኪሰጥ ጠብቃ አርባ ያህሉን በማሰሮው ነከረች። ማንም አላወቀባትም። ከዚያ ወዲህ ማሰሮውን በተጠጋች ቁጥር ፊቷ ይግላል።

ዛሬ ረፋዱ ላይ አንድ የውጭ አገር ሰው ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጁን ይዞ መጣ። ቋንቋውን ስለማይችል ለቺዙ ካርድ ዘረጋላት። በጃፓንኛ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ ሽሪምፕ ከበላች ጉሮሮዋ ያብጣል። ጥቂቱም ሊገድላት ይችላል። እዚህ ውስጥ ሽሪምፕ አለ?»

ጌንኪቺ ካርዱን ከቺዙ እጅ ወስዶ አነበበና ፈገግ አለ። ካርዱን መለሰለትና ሁለት ክንዱን አጣምሮ «የለም» ሲል ለሰውዬው አሳየው።

«ጠቅልይለት» አላት። «ሩዝና አኩሪ አተር ብቻ ነው። አባቴም እኔም ሌላ ነገር ነክረንበት አናውቅም።»

«አባባ፣ እሱ እኮ...»

«እሱ ምን?»

«ምንም።»

እዚያ አገር ምራት አማቷን በእንግዳ ፊት «ተሳስተዋል» አትልም፤ ቺዙ ልትናገር የነበረው ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። እጇ በልማድ ሁለት ሰንቤ በወረቀት ጠቀለለ። ይህን ዝምታዋን ማንም ይቅር ባይላት አልፈርድበትም፤ እሷም ለራሷ ይቅር አላለችም።

ልጅቷ ወዲያው ልትገምጥ ስትል አባቷ እጇን ያዘ። በሱቁ በር ላይ ከተለጠፈው፣ እየሄደ የሚበላ ሰውን ከሚያሳየው ሥዕል ጋር «እየሄዱ መብላት ነውር ነው» ተብሎ ተጽፏል። ሥዕሉን አሳያት፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አሳያት። ልጅቷ አኩርፋ ሰንቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ተያይዘውም ወደ ጣቢያው ፈጠኑ።

«ጨዋ ሰው ነው» አለ ጌንኪቺ። «ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብለው ይበሉታል።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የቺዙን በሽታ ዋጋ ግን የምትከፍለው የሌላ ሰው ልጅ ናት።

«አባባ፣ ማሰሮው ውስጥ ሽሪምፕ ነክሬያለሁ።»

ጌንኪቺ መቆንጠጫውን እንደያዘ ቀረ። «መቼ?»

«በበዓሉ ቀን። አርባ ያህል።»

ስድብ ጠበቀች። ሽማግሌው ግን አመድ መስሎ ነበር። «እግር አለሽ አይደል?» አለ። «ሩጪ።»

ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ሮጠች። ጣቢያው ስትደርስ ባቡሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል። በመጀመሪያው ፉርጎ መስኮት አየች፣ የሉም። በሁለተኛውም የሉም። የመነሻው ደወል ሲጮህ በሦስተኛው ፉርጎ ልጅቷን አየቻት፤ ወረቀቱን እየፈታች ነው። ቺዙ ዘልላ ገባች፤ በሩም ከኋላዋ ተዘጋ።

ሰንቤው ከንፈሯ ጋ ደርሶ ነበር። ቺዙ ከእጇ መነጨቀችው። አባትየው በቁጣ ተነስቶ የእጇን አንጓ ጨመቀ። እሷ በሌላው እጇ ካርዱን ከሸሚዙ ኪስ አወጣችና ጣቷን «ሽሪምፕ» የሚለው ላይ፣ ቀጥሎም ሰንቤው ላይ አደረገች። ከዚያ ይቅርታ ስትጠይቅ ወለሉ ላይ ተደፋች።

ሰውየው ገባው። የልጁን አፍ ከፍቶ አየ፤ ሰንቤውን ዙሪያውን አገላብጦ አየ። አልተነከሰም። ጣቶቿን በውሃ አጠበላት። ቺዙ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የልጅቷን ትንፋሽ ስትቆጥር ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ሱቁ ተዘግቷል። ጌንኪቺ ለቀብር የሚለብሰውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ በሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጧል።

«ልጅቷስ?»

«አልቀመሰችውም። ደህና ናት።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። ክራባቱን አላላ።

«ለምን እንዲህ ለበሱ፣ አባባ?»

«ፖሊስ ይመጣል ብዬ። የነከርኩት እኔ ነኝ ልላቸው ነበር።»

ቺዙ እንደ ልጅ አለቀሰች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

«ተነሺ» አላት። «ብቻዬን አልችለውም፣ ይከብዳል።»

ማሰሮውን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ ጓሮ አወጡትና ገለበጡት። የስልሳ ዓመቱ ስጎ ጥቁር ሆኖ በቦዩ ወረደ። ጌንኪቺ እስኪያልቅ ቆሞ አየው፤ ከዚያ የጥቁር ኮቱን እጅጌ ሰብስቦ፣ «ውሃ አምጪ» አላት።