ለመውደቅ የተሰናዳች ኤንትሬ

አሰላ ውስጥ የጭነት መኪና ምርመራ በደረሰ ቁጥር፣ ከአንዱ በቀር የከተማው መኪና ሁሉ የሚያልፈው በነዚያው ስድስት ጎማዎች ነበር። ጎማዎቹ የጎሚስታው የጅብሪል ናቸው። ሰኞ አንዱ መኪና ላይ ይውላሉ፣ ማክሰኞ ሌላው ላይ። አንዲት እሳት ማጥፊያም አብራ ትዞራለች። ትሥራ አትሥራ የሚያውቅ የለም፤ ግን ቀይ ነች፣ መርማሪም የሚፈልገው ቀይ ነገር ማየት ነው። የጉዞ መዝገቡም ከዚህ አይሻልም። ደንቡ ሾፌር በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አይነዳም ስለሚል፣ ከአሰብ ማዳበሪያ ጭኖ ዓይኑ በርበሬ መስሎ የገባው ሁሉ "ስምንት ሰዓት ነዳሁ፣ ከዚያ ተኛሁ" ብሎ ይጽፋል። በመዝገቡ ከሄድን እንደ አርሲ ሾፌር የተኛ ሰው በአገሩ አልነበረም።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ግን ነገሩ ተገለበጠ። ምርመራውን ካለፉት መኪኖች አሥሩ ከነሾፌሮቻቸው ወደ ሰሜን ዘምተው ለጦሩ ስንቅና ጥይት እንዲያመላልሱ ታዘዘ። ባለፈው ዙር ከሄዱት ስድስት ሾፌሮች የተመለሱት ሁለት ናቸው፤ አንደኛውም የተመለሰው ያለ መኪናው በእግሩ ነው። ጅብሪል ደህናዎቹን ጎማዎች ቆልፎባቸው፣ ለበረባሶ ጫማ ሠሪዎች ያስቀመጣቸውን መላጣ ጎማዎች አወጣ። መውደቅ የሚፈልገው ሾፌር ሁሉ በዚያው ቀን ወረፋ ያዘላቸው።

የሾፌሩ የመርሻ ጣጣ ከሁሉም የባሰ ነበር። የሌላው ሰው መኪና ያለ ማንም እርዳታ መውደቅ ትችላለች፤ የሱ ኤንትሬ ፊያት ግን በሃያ ሁለት ዓመቷ ምንም እንከን የላትም። ሲያጥባትና ሲወለውላት ነው የኖረው። የፍሬን ሸራዋን ከቀየረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። ከጅብሪል ጎማ ተውሶ የማያውቅ እሱ ብቻ ሲሆን፣ ይህንንም ለጓደኞቹ በየአጋጣሚው ሲነግራቸው ስለኖረ ይቅር ያለው የለም። አሁን ግን አምሳ ዓመቱ ነው፣ መሞት አይፈልግም፣ ጀግና ልሁን ቢልም ቦርጩ አይፈቅድለትም። አንገቱን ደፍቶ ጅብሪል ዘንድ ሄደ።

"ፀሐይ ዛሬ በየት በኩል ወጣች?" አለ ጅብሪል። "አንተም ጎማ ልትዋስ?"

"መላጣውን" አለ መርሻ። "በጣም መላጣውን።"

ጅብሪል እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዋን ማበላሸት ጀመሩ። ጎማ ቀየሩ፣ የፍሬቻ ሽቦ በጠሱ፣ የጭነት ሳጥኗን ስፖንዳ ጭቃ ቀቡ።

"ካቢናዋን ተዋት" አለ መርሻ።

"ማሎ፣ ኦቦሌሳ፣ ተው እባክህ ወንድሜ፣ ይህን ያህል ካዘንክላት ይዘሃት ዝመታ።"

መርሻ ካቢናዋንም ራሱ ጭቃ ቀባት። የቀረው የጉዞ መዝገቡ ነበር። የደከመ ሾፌር ለዘመቻ አይመረጥም ስለተባለ፣ አሥራ ሰባት ሰዓት ያለ ዕረፍት የነዳ የሚያስመስል ውሸት ሊፈጥር ተቀመጠ። ብዕሩን ሲያነሳ ግን ውሸት እንደማያስፈልገው ገባው። ከአሰብ ሲመለስ አሥራ ሰባት ሰዓት ሳያርፍ ነድቶ ነበርና፣ እውነቱን ጻፈ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ስለነበር እንደ ሌባ ዞር ዞር ብሎ አየ።

ረቡዕ ጧት የመርሻ ተራ ደረሰ፤ ምርመራው የሚካሄደው ከከተማው ዳር፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ነው። መርማሪው አሰግድ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ዘማቾቹን የሚመርጠው ካድሬ ትንሽ ራቅ ብሎ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሻይ ይጠጣል። አሰግድ መኪናዋን ዞራት፣ የኋላ ጎማው ላይ ያለውን መጣፊያ በጣቱ ነካ፣ ከዚያም መርሻን ቀና ብሎ አየው። ያንን መጣፊያ ከሰኞ ወዲህ ሦስት መኪና ላይ አይቶታል። መርሻ ጉዱ እንደ ፈላ ገባው።

"ጎማ፣ ወድቋል" አለ አሰግድ ካድሬው እንዲሰማ ጮክ ብሎ። "ፍሬቻ፣ ወድቋል።" መዝገቡን ገለጠ። "አሥራ ሰባት ሰዓት ያለ ዕረፍት። ሾፌሩም ወድቋል።"

መርሻ ወጣቱ ሊያተርፈው እንደሆነ ሲገባው ግንባሩን ሊስመው ዳዳው። አሰግድ ግን ነገሩን ለማጥበቅ አንድ መስመር ጨመረ። "ፍሬን፣ አይይዝም።"

"ፍሬኑን መቼ አየኸው?" አለ መርሻ፣ ሳያስበው።

"ጋሽ መርሻ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ወረቀቱ "ጉድለቱ የደረሰው በእኔ ቸልተኝነት መሆኑን አምናለሁ" ይላል። መርሻ ብዕሩን ይዞ ቆመ። ጎማውን ያምናል፣ ፍሬቻውን ያምናል። ፍሬኑ ግን የገዛ እጁ ሥራ ነው።

"ስለ እመቤቴ፣ ዝም ብለው ይፈርሙ" አለ አሰግድ በሹክሹክታ።

ሊፈርም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ የስሙን መጀመሪያ ፊደል ጽፎ ነበር። ይሄኔ ወረፋ ላይ የቆመው ሾፌር ቱሳ ከኋላ ሳቀ። "ለካ ፍሬን የሌላት መኪና ይዞ ነው ሲሰብከን የኖረው" አለ፣ ሾፌሩም ሁሉ አውካካ።

መርሻ ብዕሩን ለአሰግድ መለሰለት። ካቢና ገባ፣ መኪናዋን ወደ ቁልቁለቱ አናት ወሰዳት፣ አዞራትና በሙሉ ኃይሏ ለቀቃት። ሾፌሮቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። ካድሬው ለመነሳት ጊዜ አላገኘም። ኤንትሬዋ በመላጣ ጎማ ሜዳውን እያረሰች መጥታ ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ሲቀራት ቀጥ አለች። ሻዩ እንኳ አልፈሰሰም።

ካድሬው ሻዩን አየ፣ መኪናዋን አየ። ከዚያ አጨበጨበ።

"በዚህ ጎማ እንዲህ ያቆመ፣ በአዲስ ጎማ ምን ሊሠራ ነው! ከመጋዘን ይሰጠው።" መዝገቡን ተቀብሎ አነበበና ፊቱ በራ። "አሥራ ሰባት ሰዓት ያለ ዕረፍት። የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ጓድ ነው። አንደኛ አድርገህ መዝግበው።"

አሰግድ ወረቀቱን ቀዶ አዲስ አወጣና "አልፏል" ብሎ ጻፈ። መርሻን ቀና ብሎ አላየውም።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ አፀደ በር ላይ ቆማ ነበር።

"ወደቀች?"

"አለፈች።"

"ምን አድርገህ?"

"ፍሬን ያዝኩ" አለ መርሻ።

አፀደ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ ሊላት ነበር አሳቡ፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው የፍሬኑ ነገር ሆነ። ከየት እንደለቀቃት፣ የት እንደረገጠ፣ በስንዝር እንዴት እንደቆመች እየነገራት ፊቱ ፈካ። መፍካቱን እሷም አየች፣ እሱም ታወቀው፤ አፈረ።

"የሚልኳችሁ ብርድ አገር ነው ሙቀት?" አለችው።

"አልነገሩንም።"

ተነስታ ሳጥኑን ከፈተች፤ ወፍራሙን ሹራብም፣ ስሱን ሸሚዝም ከተተችለት።