የረግረጓ ጠንቋይ ሥዕል

ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ ሌባ፣ አንዱ አስማተኛ ሆነው ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ የሚጫወቱት የተረት ጨዋታ አለ፤ የእኔ ሥራ የዚያን ጨዋታ መጽሐፍ ማዘጋጀት ነው። መጽሐፉ ደግሞ ያለ ሥዕል አይሸጥም። ሰዓሊ ለመቅጠር አቅሙ የለንም፤ ስለዚህ ተሥለው ያለቁ ሥዕሎች ከሚሸጡበት ድረ ገጽ ርካሽ ርካሹን እንለቅማለን። እውነትም መልቀም ነው፤ ስድስት ጣት ያለው ንጉሥ፣ ሦስት እግር ያለው ፈረስ፣ ስንቱን ጉድ አለፍን!

ቤታችን ሰዓሊ ጠፍቶ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ሰዓሊ ነው። ሣልልኝ ብለው "እትዬ፣ ሥራ ወጥሮኛል" ብሎ ገላገለኝ። አልተቀየምኩትም። እሱን መቀየም አልችልበትም።

ቀኝ ጉንጬ የተቃጠለ ነው። ወንድሜ ገና ዳዴ ሲል የፈላ ውሃ ያለበትን ድስት ሊጎትት እጁን ዘረጋ፤ እሱን ገፍትሬ ውሃው እኔ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ ካፌም ስገባ ስብሰባም ስቀመጥ ቀኜን ለግድግዳ ሰጥቼ ነው። ፎቶ የሚባል ነገር አልወድም። አምና ግን ወንድሜ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጠኝና "በዚህኛው በኩል ዙሪልኝ፤ ቆንጆው ይሄኛው ነው" አለኝ። "ለራሴ ነው የምሥለው፣ ማንም አያየውም።" ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተቃጠለውን ጉንጬን ለብርሃን ሰጥቼ ተቀመጥኩለት። እንዴት ደስ ብሎኝ ነበር!

ሰሞኑን እኔና ገጽ የምታቀናብርልኝ ጓደኛዬ የቀረችንን የመጨረሻ ሥዕል ስንፈልግ ነበር። ረግረግ ውስጥ የምትኖር፣ መንገደኛ የምትበላ ጠንቋይ። መፈለጊያው ላይ "ጠንቋይ፣ አሮጊት፣ አስቀያሚ" ብዬ ጻፍኩና ከርካሹ ጀምሮ እንዲደረድርልኝ አዘዝኩት።

"ይቺ ናት!" ብላ ጓደኛዬ ጠረጴዛውን መታች። "እይልኝማ እንዴት እንደምታስፈራ፣ ጉንጯን ብቻ..."

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ስክሪኑን አየች። ከዚያ "ሻይ ላምጣ" ብላ ወጣች፤ በሁለታችንም ፊት ያልተነካ ሻይ ነበር።

ፀጉሩ ሽበት ነው፤ ጥርሱም የእኔ አይደለም። ጉንጩ ግን፣ ያ ከጆሮ ሥር ተነስቶ አፍ ጠርዝ ላይ የሚሸበሸበው፣ የእኔው ነው። መስኮቱ እንኳ ከኋላዋ አለ።

ለወንድሜ ደውዬ ና አልኩት፤ መጣ። ስክሪኑን ሳዞርለት ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ማንም እኮ አያውቅሽም! ሽበት አድርጌበታለሁ፣ ጥርሱንም ቀይሬዋለሁ።"

"አንተ ታውቀኛለህ።"

"ከሣልኳቸው ሁሉ የሚፈለገው እሱ ሆነ፣ ምን ላድርግ? ኑሮ ነው።"

መሸጡን እንኳ ልውጠው እችል ነበር፤ ቸግሮት ነው ብዬ። አልዋጥ ያለኝ ከሥዕሉ ሥር የተደረደሩት የመፈለጊያ ቃላት ናቸው። ጠንቋይ፣ አሮጊት፣ አስቀያሚ፣ አስፈሪ።

"እነዚህን የጻፈው ድረ ገጹ ነው፣ አይደል?" አልኩት። እንዲዋሸኝ እየለመንኩት ነበር። "በለኝ እስቲ፤ ድረ ገጹ ነው በለኝ።"

"የሚሞላው ሰዓሊው ነው" አለ ወለሉን እያየ። "ሰው የሚፈልገው በዚህ ቃል ነው፣ እትዬ። አንቺስ በምን ቃል አገኘሽው?"

እሱ አሁንም ቀና ብሎ አላየኝም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ፣ ከእሱ ጋር ስቀመጥ የትኛው ጉንጬ በየት በኩል እንደሆነ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወንበሬን አነሳሁና ቀኜን ለግድግዳው ሰጥቼ ተቀመጥኩ።