ሲጠብቅና ሲላላ

ወንድሜ አድነው ከአዲስ አበባ ሲመለስ አንድ የቴአትር መጽሐፍ ይዞልን መጣ። ገና መታተሙ ስለ ነበር ቀለሙ ጣት ይነካል። ሶዶ ውስጥ ቴአትሩን በዓይኑ ያየ ከአድነው በቀር አናውቅም። ለእኛ ቴአትሩ ማለት ያ መጽሐፍ ብቻ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። የአንዲት ልጅ እጮኛ ዘምቶ ይቀራል። ዘመዶቿ ለሌላ ሰው ሊድሯት ይነሣሉ። በሠርጉ ቀን በሩን ዘግታ ትቀመጣለች። ከውጭ «ነይ እንጂ፣ ሰው ቆሟል!» ይሏታል። እሷም ከውስጥ «አልመጣም» ትላለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

ቃሉ በትክክል ነው የታተመው፤ የፊደል ግድፈት ቢኖር አያመልጠኝም ነበር። ችግሩ «ጣ» ሲጠብቅም ሲላላም አንድ ዓይነት መጻፉ ነው። ከላላ፣ «እኔ አልወጣላችሁም» ማለቷ ነው። ከጠበቀ፣ «እሱ ቀረ» ማለቷ ነው።

በዚህ ከጽጌሬዳ ጋር ስንከራከር ከረምን። ጽጌሬዳ የአቶ ሰብስቤ ልጅ፣ የአድነው እጮኛ ናት። እሷ ይላላ ባይ፣ እኔ ይጠብቅ ባይ ነን።

«እንቢ ማለቷ ነው! ሴት አፍ የላትም እንዴ፣ ዋርሳዬ?» ትለኛለች። ገና ወንድሜን ሳታገባ የባሏ ወንድም አድርጋ ዋርሳዬ ስትለኝ አንገቴን እደፋለሁ።

«እትዬ፣ ከዚያ በፊት ባለው ገጽ እኮ ታለቅሳለች።»

«አልቅሶ እንቢ ማለት የለም? አንተ ደግሞ ዕንባ አይተህ ትፈርዳለህ።»

አድነው ይሥቅብናል። «ጢሙን ተላጭቶ ልጅቷን ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ እንዴት እንዳለው እኔ ሰምቻለሁ። በእጅ በተጻፈው ላይ ከፊደሉ አናት መጥበቅ መላላቱን የሚለይ ምልክት ነበረው አሉ፤ ማተሚያ ቤቱ ነው ያስቀረው።»

«ታዲያ የቱ ነው?»

«በሠርጋችን ዕለት እነግራችኋለሁ። ክርክራችሁ ካለቀማ ምን እየሰማሁ ልሣቅ?»

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ አድነው ዘመተ።

ሰኔ ላይ ጎረቤታችን ቦልቴ ከጦሩ ብቻውን ተመለሰ። እናቴ እግሩ ሥር ተቀመጠች።

«አላየሁትም፣ እማማ» አላት።

«ሞቷል ወይ?»

«አላየሁትም አልኩ እኮ።»

ጽጌሬዳ ግን መምጣቷን አልተወችም። ዝናብ ሲያባራ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ ታነብልናለች፤ የመጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ትከድነዋለች። ክርክሩን እንደ ድሮው እንድትጀምር እጠብቃለሁ፤ አትጀምርም። እሷ እስከ ጠበቀችው ድረስ አድነው በሕይወት ያለ ይመስለኝ ነበር። እናቴም ቡናውን ትታ እሷን ነበር የምታየው፤ ተስፋዋ ሁሉ በዚያች ልጅ ላይ ነበር።

አቶ ሰብስቤ ጣልያን ወደ እኛ አገር ሳይደርስ ልጃቸውን ቢጠና በሚባል አገር ለሚኖር ሰው ሊሰጡ ቆረጡ። እናቴ ሄዳ ለመነቻቸው።

«እኅቴ ሆይ፣ ልጄ መጽሐፍ ተደግፋ ትሸብት?» አሏት።

ጥቅምት ላይ ሚዜዎቹ መጡ። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። ጽጌሬዳ በሩን ዘግታለች። ልቤ ዘለለ። እንቢ ትላለች ብዬ አሰብኩ፤ ስትከራከረኝ የከረመችው ይህንኑ አይደል? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳሳቴን ተመኘሁ። አምላኬ፣ አላላው አልኩ።

«ነይ እንጂ፣ በቅሎዋ ቆማለች!» አሉ ሚዜዎቹ።

«አልመጣም» አለች።

«ጣ» ጠበቀ። ጥርሷን ነክሳ እንዳለችው እስከ አጥሩ ድረስ ተሰማኝ። ሚዜዎቹ እንቢታ መስሏቸው ተያዩ፤ አንዱ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

በመጽሐፉ ከዚያ በኋላ ያለው ነጭ ወረቀት ነው። እዚህ ግን በሩ ተከፈተ። ጽጌሬዳ በገዛ እግሯ ወጣች። አጠገቤ ስትደርስ ዝግ አለች።

«ረታኸኝ፣ ዋርሳዬ» አለችኝ።

እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል በቅሎዋ ቁልቁለቱን ጀምራ ነበር።