የበያጁ ደመወዝ

ሎይክና እኔ ፈረንሳይ ውስጥ ባርፍለር በምትባል የባሕር ዳር ከተማ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። እሱ ትምህርት አልገባ ሲለው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ብየዳ ሊማር ሄደ። እኔ ግረኖብል ከተማ ወርጄ አምስት ዓመት ተማርኩና የኒውክሌር ኢንጂነር ሆንኩ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ኦባን ከእንግዲህ ሀብታም ነው" እያለች ስታወራ ከረመች።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሆነን ሁለታችንም ባሕር ዳር በሚሠራው አዲስ የኃይል ማመንጫ ተቀጠርን። እሱ ወፋፍራሞቹን ቧንቧዎች ይበይዳል፤ እኔ የብየዳውን የራጅ ፊልም አይቼ "ደህና ነው" ወይም "ተበላሽቷል" ብዬ እፈርማለሁ።

አንድ እሁድ ሎይክን ጋብዘን እኛ ቤት ምሳ ስንበላ ልጄ ኖልዌን ድንገት፣ "ሎይክ፣ በወር ስንት ያገኛሉ?" አለችው።

"ኧረ ነውር ነው!" አለች ባለቤቴ።

እሱ ሳቀ። "ከነአበሉ ስድስት ሺህ ዩሮ።"

የኔ አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። የያዝኩትን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለስኩት። ሎይክ ፊቴን አይቶ፣ "የአባትሽ እኮ ገና ያድጋል፤ እሱ አለቃ ይሆናል። የኔ ዓይኔና ጉልበቴ እስካሉ ድረስ ነው" አላት። ማጽናናቱ ባሰብኝ።

"እንግዲያው እኔም በያጅ ነው የምሆነው!" አለች ልጄ። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሎይክ አዲስ መኪና አጠገብ ላለማቆም ግቢው ጥግ ድረስ እየነዳሁ እሄድ ጀመር።

በወሩ ገደማ አንድ ፊልም ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። የበያጁ ቁጥር አርባ አንድ ይላል፤ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ብየዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር ትታያለች። እንዲህ ሲሆን ፊልሙን በብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት ግድ ነው፤ መስመሯ የፊልሙ ጭረት ከሆነች ያኔ ትለያለች። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን አላዘነበልኩትም። "ስንጥቅ" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሎይክን እንደገና እስኪፈተን ከቧንቧው ሥራ አንስተው የደረጃ መደገፊያ ብረት እንዲበይድ አደረጉት። አበሉም ተቋረጠ። ምሳ ቤት አግኝቶኝ፣ "ኦባን፣ እውነት ስንጥቅ አለው?" አለኝ።

"ፊልሙ ያሳየኝን ነው የጻፍኩት።"

"እሺ" አለ። አመነኝ።

ስንጥቅ አለው የተባለ ቧንቧ ተቆርጦ ከመውጣቱ በፊት ፊልሙን ሁለተኛ ሰው ማየት ስላለበት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእረፍት የተመለሱት አንጋፋዋ የፊልም መርማሪ ማዳም ኦሻር አስጠሩኝ።

"ይህ እኮ ጭረት ነው። አዘንብለህ አላየኸውም?"

"አላየሁም።"

"ረስተህ ነዋ።"

የማመልጥበትን በር ራሳቸው ከፈቱልኝ። አዎ ብል ያልቅ ነበር። "አልረሳሁም ማዳም። በያጁን አውቀዋለሁ። ቀንቼበት ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ሪፖርቱን እኔ ልጻፈው ወይስ አንተ?"

"እኔ እጽፈዋለሁ።"

ወሬው ሳይቀድመኝ ሎይክ ቤት ሄድኩ። ጀልባውን እያጠበ አገኘሁትና አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ውኃው ጫማው ላይ እየፈሰሰ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ለሺህ ስምንት መቶ ዩሮ ብለህ?"

"እሱም አለበት። ልጄ አንተን የምታይበት ዓይንም።"

የውኃውን ቧንቧ ዘጋ። "ሦስት ሳምንት ሙሉ እጄ ከዳኝ ብዬ ጋራዥ ገብቼ ቁርጥራጭ ብረት እየበየድኩ ራሴን ስፈትን ነበር። ገንዘቡን ተወው። ይቅር የማልልህ ይሄን ነው።"

ሎይክ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ የቀረበት አበልም ተከፈለው። እኔ ፊልም እንዳላይ ተከልክዬ መዝገብ ክፍል ገባሁ፤ እድገቴም ለሁለት ዓመት ታገደ። በጸደይ እሱ ፊንላንድ ከዚህ የበለጠ የሚከፍል ሥራ አግኝቶ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ለባለቤቴና ለኖልዌን ግን በየበዓሉ ሰላምታ ይልካል። እነሱ ስልኩን ይዘው ሲስቁ እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን አጥባለሁ። አሁን የምቀናው በእነሱ ነው።