የአረንጓዴው ወንበር ሽፍታ

ዶፍን ለዝና ያበቃችው የወረቀት መቁረጫ ማሽን ናት። ታላቅ እህቱ በምትሠራበት ማተሚያ ቤት ማሽኗ «ገጭ ገጭ ጧ!» እያለች የአድራሻ ካርድ ስትቆርጥ፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ በእያንዳንዱ «ጧ» ላይ አንድ ቃል ያሳርፍባታል። ሥራ ፈት ሲባል የኖረውን ልጅ ማሽኗ ሥራ አስያዘችው ማለት ይቻላል። ቃሉ ከአፉ መውረድ ከጀመረ ፋታ ስለማይሰጥ ሠራተኞቹ «ዶፍ» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እሱ እህቱን «እትዬ» ነው የሚላት። ከእሱ ሰምተው ሠራተኞቹም፣ ደንበኞቹም፣ በዕድሜ የሚበልጧት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሳይቀሩ «እትዬ» ይሏታል። እትዬ ድምፅዋ ከራሷ ጠረጴዛ አልፎ የማይሰማ ሴት ናት። ሰው ሲስቅ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች። የወንድሟን ቪዲዮ በስልኳ የምትቀርጸውና ግጥሙን ከሥሩ የምትጽፈው እሷ ስትሆን፣ በፊደል ተሳስታ አታውቅም። ነገር ያመጣውን ዘፈን ስትጽፍም ፊደል አልተሳሳተችም።

ስሙን ያወጣው የራፕ ዘፈን እንዲህ ይል ነበር፦

አንዱ ጀግና ጺሙን የተላጨ ለታ፣
ካረንጓዴው ወንበር ሳይወርድ ወረረው ሽፍታ።
ምላጩ ሲጠጋ እጅ ሰጠ ፊቱ፣
ቤቱ ሲገባማ አልለየችው እናቱ።

ከዚያ ወዲያ ዶፍ በመንገድ ላይ በእርጋታ መሄድ አልቻለም። የሱቅ ሻጮች በሚዛኑ ላይ፣ ሹፌሮች በመሪው ላይ ዘፈኑን ይመቱታል። እናቱ እንኳ ልብስ ስታሰጣ «እጅ ሰጠ ፊቱ» እያለች ስትደጋግም ተይዛ፣ «እኔ? እኔ እኮ የተናገርኩት ነገር የለም!» ብላ ድርቅ አለች።

ዘፈኑን ተከትሎ ትወና መጣ። በመጀመሪያ በአንድ ተከታታይ ድራማ ላይ በጥፊ የሚመታ ሌባ ሆነ፤ ግን ጥፊው ሳይደርስበት ይወድቃል። ቀጥሎ ሹፌር ሆነ፤ እሱም የመኪናውን በር መክፈት ብቻ ስለነበር አላበላሸውም። ሦስተኛው ግን ትልቁ ነበር። በሲኒማ ቤት በሚታይ ፊልም ላይ ዋናውን ሰው፣ አገር ምድሩ የሚፈራውን፣ ፊቱን ግን ማንም የማይለየውን ሽፍታ፣ እንዲሆን ታጨ። ለሙከራ ሲቀርብ እየጮኸ ተናገረ፣ ዓይኑን አጉረጠረጠ፣ ጠረጴዛ መታ። ዳይሬክተሩ ጭንቅላቱን ይዞ ቆየና ዶፍ በስንፍና ያሳደገውን ጺም ትኩር ብሎ አየው።

«ስማ፣» አለው። «አንተ ዝም በል። ጺምህ ይተውን።»

እነሆ ጺሙ ለወራት ተመገበ፣ ተቀባ፣ ተበጠረ። እናቱ «ልጄ፣ ጺምህ ከአንተ የተሻለ ኑሮ ይዟል» ትለው ነበር። ቀረጻው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ፖሊስ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥቶ መጥሪያ ሰጠው። ዶፍ ማስታወሻ ላይ እንዲፈርምለት የፈለገ አድናቂ መስሎት በትልቁ ፈረመበት።

ከሳሹ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ጋሽ ምላጩ ነበሩ። አረንጓዴ ወንበር ያለው የእርሳቸው ሱቅ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ አገር ሁሉ ሲያዜመው እርሳቸው አልሰሙም። ቴሌቪዥናቸው ሁልጊዜ ድምፁ የጠፋ ነው፤ «እሱም ከጮኸ፣ ማሽኑም ከጮኸ እጄ ይስታል» ይላሉ። አንድ ቀን ግን ቪዲዮው በዚያው ድምፅ አልባ ቴሌቪዥን ላይ ታየ። ጋሽ ምላጩ የእትዬን ጽሑፍ አነበቡ። «ካረንጓዴው ወንበር ሳይወርድ ወረረው ሽፍታ።» የሚላጩትን ሰው ግማሽ ፊቱ በአረፋ እንደ ተሸፈነ ትተው፣ «ወንበዴ አለኝ! ሱቄን የሽፍታ ዋሻ አለው!» እያሉ ወጡ።

የፊልሙ ሰዎች ደግሞ ነገሩን ሰምተው ቁርጡን ነገሩት፦ ክስ ያለበት ተዋናይ ይዘው ቀረጻ አይጀምሩም። እስከ ሰኞ ካልተዘጋ ሌላ ጺማም አለ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር። ጥግ ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ወረቀት እያገላበጠ ማኅተም ይመታል። ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ዶፍን ከነጺሙ ተመለከቱት።

«"ወረረው ሽፍታ" ያልከው ማንን ነው?»

ዶፍ በድራማ እንዳየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ክብርት ዳኛ፣ ጥበብ ማለት...» ሲል አጠገቡ ያለው ጠበቃው ኮቱን ጎትቶ አስቀመጠው።

«ክብርት ዳኛ፣» አለ ጠበቃው፣ «ከሳሽ ጽሑፉን አነበቡ እንጂ ድምፁን አልሰሙም። ቃሉ ጫካ የሚገባው ሽፍታ አይደለም።» የታች ከንፈሩን በላይ ጥርሱ ያዝ አድርጎ ቆየ። «ሽፍ-ፍታ ነው። ፍዋ ትጠብቃለች። ቆዳ ሽፍ አለ ከሚለው፤ ዝም አለ ብለን ዝምታ እንደምንል። ስትጻፍ አንድ ናት፤ ስትነገር ነው የምትለየው።»

«እንስማዋ፣» አሉ ዳኛዋ።

«ያለ ማሽን ነው?» አለ ዶፍ።

«ያለ ምን?»

ማስረዳት አላስፈለገውም። ጥግ ያለው ሠራተኛ ማኅተሙን «ጧ!» ሲያደርግ ዶፍ ሳያስበው ገባበት። ሁለተኛው «ጧ» ላይ ሽፍፍታ ከነፍዋ ወጣች። ሠራተኛው ሰው ሁሉ እንደሚያየው ሲገባው ማኅተሙን አየር ላይ ይዞ ደነገጠ። ዳኛዋ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እትዬ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ትንፋሿን ለቀቀች፤ አለቀ፣ ዳንን፣ አለች በልቧ።

ጋሽ ምላጩ ግን ቀስ ብለው ተነሡ።

«ይቅርታ ክብርት ዳኛ። ሽፍፍታ ማለት ያ ፊት ላይ የሚወጣው ነው?»

«እሱው ነው።»

«እንግዲያውስ ክሱ ይጠንክርልኝ!» አሉ። «ሽፍታስ ቢለኝ ምን ገዶኝ! ሽፍታ ይፈራል፣ ይዘፈንለታል። ደንበኛው ሽፍ አለበት የተባለ ፀጉር አስተካካይ ግን አገጩን የሚሰጠው ማን ነው? እኔ ምላጭ ስይዝ ይህ ልጅ አልተወለደም!»

ጠበቃው ተቀመጠ። ዳኛዋም «ጎረቤታሞች ናችሁ፤ ተነጋገሩ። ካልሆነ በቀጠሮ ትመለሳላችሁ» ብለው አሰናበቷቸው። ቀጠሮው ከሰኞ ብዙ ይርቅ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ምላጩ ዶፍን አስቆሙት።

«አንተ ልጅ፣ ወረቀት ላይ አልፈልግህም። ና፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀመጥ። ሰፈሩ እያየ እላጭሃለሁ። ሽፍ ካለብህ ሱቄን እዘጋለሁ። ካላለብህ አዲስ ግጥም ታወጣለህ፤ እኔም ክሱን እተዋለሁ።»

«ጺሜን ነው? ጋሼ፣ ጺሜ እኮ ሰኞ ሥራ አለው!»

«ታዲያ እንደ ፈለግህ፣» ብለው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ዶፍ ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በወረቀት ክምር ላይ ተጋድሞ ተማረረ። ካልተላጨ ክሱ ፊልሙን ያስቀርበታል፤ ከተላጨ ፊልሙ ጺሙን ያጣል። «ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ እኮ እትዬ! ደግሞ እውነቴን ነው፣ ያኔ ሽፍ ብሎብኛል። አንቺም አይተሻል።»

እትዬ አይታለች፤ አዎ። ያየችው ግን ሌላም ነበር። ተነሥታ ከማሽኗ ሥር ቀለም የምታስለቅቅበትን የቲነር ጠርሙስ አወጣችና ፊቱ አስቀመጠችው።

ዶፍ ጠርሙሱን አየ። ከዚያ እሷን። ከዚያ እንደገና ጠርሙሱን። ሽፍ ባለበት ቀን ከጋሽ ምላጩ ጋ ተላጭቶ በቀጥታ እዚህ መጥቶ፣ ጉንጩን ቀለም ነክቶት፣ ጨርቅ ቲነር ነክሮ ፈትጎት ነበር።

«እትዬ፣» አለ፣ «ከቲነር ጋር ምን ይገጥማል?»

«ምንም፣» አለች።

«ለዚያ እኮ ነው ከግጥሙ የተውኩት።»

ሁለቱም ሳቁ፤ እሱ ግን ቀድሞ አቆመ። «የሰውየው ስም የጠፋው በእኔ ቲነር ነው፣» አለ። ጺሙን በሁለት እጁ ያዘው፣ እንደሚሰናበተው ዘመድ ዳሰሰው፤ ተነሥቶም ኮቱን ለበሰ። እትዬ ማሽኗን አጥፍታ ተከተለችው። ፊልሙን እንደሚያጣ ታውቃለች።

ሱቁ በሰው ተሞላ። በሩ ላይ የቆሙት ከውጭ ላሉት እያዩ ያወራሉ። ዶፍ አረንጓዴው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፤ የቲነር ነው። የእኔ ነው ማለቴ ነው» አለ።

«ይህን ያለው አፍህ ነው፣» አሉ ጋሽ ምላጩ ፎጣውን አንገቱ ላይ እያሰሩ። «አፍህን አላምነውም፤ እንጀራህ ነው። ስሜን ያጠፋው ፊትህ ነው፤ ፊትህ ይመስክር።»

መቀሱ ገባ። ጺሙ በጥቅል በጥቅል ወረደ። አረፋው ተቀባ፤ ምላጩ ከቀኝ ጆሮው ተነሥቶ ወረደ። የቀኝ ጉንጩ ነጥቶ ሲወጣ «ውይ፣ ልጅ ኖሯል!» አለ አንዱ።

ልክ ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ሰው እየገፋ ገባ። ጠበቃው ደውሎለት ኖሮ ላብ አጥምቆታል።

«አቁሙ! አቁሙ! ጺሙ!» ወለሉን ሲያይ ድምፁ ሞተ። «በቃ። ለዚያኛው ጺማም እደውላለሁ።»

«ቆይ፣» አለ ዶፍ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለነበር ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ነው የተናገረው። «አንዴ ልሞክረው።»

«ምኑን? በምን ፊት?»

«ይስሙት!»

ሰው ሁሉ ዞረ። የጮኸችው እትዬ ነበረች። ራሷም ደንግጣ ጆሮዋ እስኪግል ቀላች፤ ግን ዓይኗን ከዳይሬክተሩ ላይ አላነሣችም። ዳይሬክተሩም ስልኩን ዝቅ አደረገ።

የሙከራው ቃል ሽፍታው በሰው ቤት ገብቶ የሚናገረው ነበር። ዶፍ ሁልጊዜ የሚጮኽበት ቦታ ነው። አሁን ግን መጮህ አልቻለም፤ ቢጮህ ይቆረጣል። ዓይኑን ማጉረጥረጥም፣ ጠረጴዛ መምታትም አልቻለም። ጣሪያውን እያየ፣ በዝግታ፣ ውሃ እንደሚለምን እንግዳ ተናገረ።

«ውሃ ስጡኝ። ጠጥቼ እስክጨርስ ከተቀመጠበት የሚነሣ አይኑር።»

ከግድግዳው ሥር ሊነሣ ጉልበቱን የያዘ ሽማግሌ ቀስ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። ጋሽ ምላጩ ምላጩን ይዘው አንድ እርምጃ ወደኋላ አሉ። እትዬ ወንድሟን አጥታ ሌላ ሰው ያየች መሰላት።

ዳይሬክተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልለየው ሽፍታ ነው እኮ ታሪኩ፣» አለ ለራሱ እንደሚያወራ። «በዚያ ጺም ማን ሳይለየው ይቀራል! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ፊት ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሰኞ ጠዋት። ስትመጣ እንዲህ ልሙጥ ሆነህ ነው። አንዲት ጠጉር ካየሁ ጉድህ ነው።»

«ገና ግራው ይቀራል፤ ቦታ ልቀቅልኝ፣» አሉት ጋሽ ምላጩ፤ ማንም ቢሆን ብርሃን እንዲጋርድባቸው አይወዱም።

ግራውም አለቀ። ሰው ግን አልሄደም፤ የመጣው ፊቱ ሽፍ ይል እንደሆነ ሊያይ ነውና። ዶፍ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ፤ እየቀረበ የማያየው የለም። አንዷ ሴትዮ «ይቺ ምንድን ናት?» ብትል ሱቁ ተንጫጫ፤ እናቱ ከደጅ ገፍታ ገብታ «ከልጅነቱ ያለች ማርያም የሳመችው ናት፣ እጅሽን አንሺ!» አለቻት። ሌሎች ሁለት ደንበኞች ተስተካክለው እስኪወጡ ፊቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ጠርቶ ቆየ።

ጋሽ ምላጩ መስታወቱን አንሥተው ለሕዝቡ እንጂ ለዶፍ አላሳዩትም። ከዚያ ፎጣውን አራግፈው በጥንቃቄ አጠፉ።

«ክሱን ነገ እተዋለሁ፤ አዲሱን ግጥም ግን እጠብቃለሁ፣» አሉ።

«ሰኞ ጠዋት ግን ማን ይላጨዋል?» አለ ዳይሬክተሩ። «ይህ ልጅ እስከ ምሳ የሚያበቅል ነው። ቀረጻው ደግሞ በየቀኑ ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ምላጩ ዞሩ። እርሳቸው ምላጩን በጨርቅ ጠረጉ።

«እኔ ራፕ አልወድም፣» አሉ በመጨረሻ። «ፊቱ ግን ጨዋ ነው። ወንበሬን የሚሸከም ሁለት ጎበዝ ላክልኝ፤ በሌላ ወንበር አልላጭም።»